ቀፎን በገዛ እጅ ለማጥፋት የሚያበቁ አምስት ደንቦች

ንቦችዎን ለማጣት ብዙ መድከም አያስፈልግዎትም። ጥቂት ቸልተኝነቶችን ተራ በተራ ከፈጸሙ የቀረውን ቫሮዋ ይጨርስልዎታል። ይህ ጥገኛ ተባይ ስፋቱ 2 ሚሊሜትር አይሞላም። መነሻው በእስያዊቷ ንብ ላይ ሲሆን፣ ከእሷ ወደ አውሮፓዊቷ የማር ንብ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ተገኘ። አውስትራሊያ ለረጅም ዘመን ከቫሮዋ ነጻ ሆና ብትቆይም እ.ኤ.አ. በ2022 ገባባት፤ ጠራርጎ የማጥፋቱን ዘመቻም በ2023 አቆመች። ተባዩ የንቧን የስብ ህዋስ ይመገባል፤ ክንፍ የሚያጣምም ቫይረስም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያዛምታል። የተፈቀዱት መድኃኒቶች ጥቂትና ውድ ስለሆኑ ብዙ የአሜሪካ ንብ አናቢዎች መድኃኒቱን ቤታቸው መቀመም ለምደዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደንቦች የተውጣጡት እነዚህ ቅመማዎች ከሚከሽፉባቸው መንገዶች ነው። ደንቦቹን በትክክል የፈጸመ ሰው ቀፎውን እንደሚያጣ ሙሉ እምነቴ ነው፤ ምክንያቱም አምስቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ መለካትን መተው። አንድን ኬሚካል መድኃኒት የሚያሰኘው በልክ፣ በጊዜውና ውጤቱ እየተመዘነ መሰጠቱ ነው። ሕጉም በአመዛኙ ይኸው ልኬት በጽሑፍ ሰፍሮ ነው።

የመጀመሪያው ደንብ፦ ፈጽሞ አይቁጠሩ። ንቦቹ ሲወጡና ሲገቡ አይተው “ደህና ናቸው” ይበሉ። ቆጠራው እንዳይሠሩት የሚያስቸግር ሆኖ አይደለም። እጭ ካለበት የማር እንጀራ ላይ ግማሽ ኩባያ ንብ፣ ማለትም 300 ያህል ይዘገናል፤ ንግሥቲቱ አብራ አለመዘገኗ አስቀድሞ ይረጋገጣል። ንቦቹ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲናጡ ቫሮዋዎቹ ከሰውነታቸው ተላቀው ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ከሥር 9 ከተገኘ ከመቶ ንብ 3 ደርሷል ማለት ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች እርምጃ መውሰጃ አድርገው የሚጠቅሱትም ይህንኑ መጠን ነው። ይህን ያልሠራ ሰው የሚያየው የንቦቹን ብዛት ብቻ ነው፤ ብዛቱም ያታልላል። በአሜሪካ የበጋ ወራት ማብቂያ የንቡ ቁጥር መቀነስ ሲጀምር የቫሮዋው ገና ሽቅብ እየወጣ ነው። ክረምቱን ተሻግረው መንጋውን ለጸደይ ማድረስ ያለባቸው ንቦች የሚያድጉት ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። ከውጭ ሲታይ ቀፎው ደህና በሚመስልበት ሰዓት እነዚህ ንቦች ገና በእጭነታቸው ተጎድተዋል። በኅዳር ቀፎው ባዶ ሆኖ ሲገኝ መድኃኒት መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከሕክምና በኋላ አለመቁጠርም የዚያኑ ያህል ይጎዳል፤ ቅመማው ሠራ አልሠራ የሚታወቀው በሁለተኛው ቆጠራ ነውና።

ሁለተኛው ደንብ፦ በማንኪያና በዓይን ግምት ይስፈሩ። ለዚህ ተመራጩ ምሳሌ ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ምክንያቱም እንጨት ለማንጣት በየሱቁ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ቫሮዋንም በእርግጥ ይገድላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ለቀፎ ሲመዘግበው ልኩን አብሮ ጽፏል። ለማንጠባጠብ 35 ግራም ዳይሃይድሬት በ1 ሊትር የስኳር ውሃ ይሟሟል፤ ንብ ባለበት በእያንዳንዱ የፍሬም ክፍተት 5 ሚሊሊትር ይንጠባጠባል፤ ለአንድ ቀፎ ቢበዛ 50 ሚሊሊትር። “ዳይሃይድሬት” የሚለውን ቃል መዝለል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ይህ ዓይነቱ አሲድ ከክብደቱ 28 ከመቶ በላይ ውሃ ነው። ውሃ የሌለበትን ዓይነት ገዝቶ ያንኑ 35 ግራም የመዘነ ሰው 40 ከመቶ የጠነከረ ድብልቅ ያፈስሳል። በሾርባ ማንኪያ የሰፈረውማ ምን ያህል እንደሰጠ ራሱም አያውቅም። ሲበዛ ንቦቹ ይሞታሉ፤ ሲያንስ ቫሮዋው ይተርፋል። ሰውየውም አይድንም፤ አሲዱ በሙቀት ሲተን ዓይንና ሳንባን ክፉኛ ይለበልባልና ለአሲድ ትነት የተሠራ መተንፈሻ ጭንብል ያስፈልጋል። በአፍንጫና በአፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይህን አያግደውም።

ሦስተኛው ደንብ፦ ጊዜውን ችላ ይበሉ። እናቲቱ ቫሮዋ የእጩ ጉድጓድ በሰም ሊከደን ጥቂት ሲቀረው ሾልካ ትገባና ከእጩ ምግብ ሥር ትደበቃለች። ክዳኑ ሲዘጋ እዚያው ሆና እንቁላል ትጥላለች፤ ልጆቿም ከሚያድገው ንብ ጋር አብረው ይመገባሉ። የሠራተኛ ንብ ጉድጓድ 12 ቀን ያህል እንደተከደነ ይቆያል፤ የድንጉላው ከዚያም ይረዝማል። ኦክሳሊክ አሲድ ያንን የሰም ክዳን አያልፍም። ስለዚህ ቀፎው በእጭ በተሞላበት ሰኔ አንድ ጊዜ አንጠባጥቦ “ጨርሻለሁ” ያለ ሰው የገደለው ውጭ ያሉትን ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ክዳን ሥር በሰላም እየተባዙ ናቸው። ያው ልክ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል ባቆመችበት በቀዝቃዛው የአሜሪካ ክረምት መግቢያ ቢሰጥ ኖሮ አብዛኞቹን ባገኛቸው ነበር። ፎርሚክ አሲድ ክዳኑን አልፎ ይገባል፤ እሱም ግን የራሱ ወሰን አለው። የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ትነቱ ይበረታና ንግሥቲቱን ሊያሳጣ ይችላል። በዱቄት ስኳር መነስነስን የመሳሰሉት የቤት ዘዴዎች ደግሞ በሙከራ ተፈትሸው የቫሮዋውን ቁጥር በቂ ያህል ሲያወርዱ አልታዩም፤ ትልቁ ጉዳታቸው ንብ አናቢው ሥራ የሠራ መስሎት ወቅቱ እንዲያልፍበት ማድረጋቸው ነው።

አራተኛው ደንብ፦ አንዴ የሠራልዎትን መድኃኒት ለዘላለም ይደጋግሙ። የዚህን ውጤት የአሜሪካ ንብ አናቢዎች አይተውታል። ፍሉቫሊኔት በፕላስቲክ ቁራጭ ተመጥኖ ለቀፎ ሲሸጥ፣ ብዙዎች ለሰብል የተሠራውን ርካሽ ፈሳሽ ገዝተው እንጨት እየነከሩበት ቀፎ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ልኩ ከእንጨት እንጨት ይለያያል፤ እንጨቱም ከተገቢው ጊዜ በላይ እዚያው ይቆያል። ደካማ መጠን ለረጅም ጊዜ ያገኘው ቫሮዋ ደካማ ደካማው እየሞተ ብርቱው እየተራባ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ፍሉቫሊኔት በብዙ ቦታ አልሠራ አለ፤ ተከትሎት የመጣው ኩማፎስም ብዙ አልቆየም። ከዚያ ተራው የአሚትራዝ ሆነ፤ እሱም ለከብት መዥገር ከተዘጋጀው ፈሳሽ እየተቀዳ በየቤቱ ሲቀመም ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ትልልቅ ንብ አናቢዎች ከባድ እልቂት ሲደርስባቸው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ከወደቁት ቀፎዎች ሰብስበው በመረመሯቸው ቫሮዋዎች ላይ፣ ከሞላ ጎደል በሁሉም፣ አሚትራዝን የመቋቋም የዘር ምልክት አገኙ። ጥፋቱ የቤት ቀማሚዎች ብቻ ነው አልልም፤ የተመዘገበውን መድኃኒት ያለ ማፈራረቅ የተጠቀሙትም ድርሻ አላቸው። በሁለቱም ዘንድ የጎደለው ግን አንድ ነው፤ የተለካ መጠን፣ የተወሰነ ጊዜ፣ ማፈራረቅ።

አምስተኛው ደንብ፦ ስለ ማሩና ስለ ሰሙ አያስቡ። ፍሉቫሊኔትና ኩማፎስ በስብ የሚሟሙ በመሆናቸው ሰም ውስጥ ገብተው ለዓመታት ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ከመረመራቸው የሰም ናሙናዎች 98 ከመቶዎቹ በእነዚህ በሁለቱ ተበክለው አግኝቷል። ሁለቱም ኬሚካሎች ወደ ቀፎ የሚገቡት በዋነኛነት በንብ አናቢው እጅ ነው። የአሜሪካ ሕግ የተመዘገበን ፀረ ተባይ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ውጭ መጠቀምን ይከለክላል፤ ያልተመዘገበን ለሌላ መሸጥና ማከፋፈልንም እንዲሁ። ወሰን ያልተቀመጠለት የኬሚካል ቅሪት ያለበት ማር ደግሞ እንደ ተበከለ ምግብ ይቆጠራል። ይህ ለኢትዮጵያም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ማር እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ እንዲገባ የተፈቀደው የቅሪት ቁጥጥር ዕቅድ ቀርቦ ነው፤ አገሪቱ ከታወቁ የሰም ላኪዎችም አንዷ ናት። ቫሮዋ በኢትዮጵያ መኖሩ ተረጋግጧል፤ የአገሩ ንቦች ግን በአመዛኙ ያለ መድኃኒት ተቋቁመውት ይኖራሉ። የአሜሪካን የቤት ቅመማ እንዳለ ገልብጦ እነዚህ ቀፎዎች ውስጥ መክተት የሌለን በሽታ እያከሙ ንጹሑን ሰም ማበላሸት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሱ ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። “ኬሚካሉ ያው ነው፤ ለምን በውድ እገዛለሁ?” ይባላል። እውነት ነው፣ ኬሚካሉ ያው ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ግን ለታወቀ ንጽሕና፣ ለተፈተሸ ልክና ለተጻፈ ወቅት ጭምር ነው። “ከተፈጥሮ የመጣ ነው” የሚሉም አሉ። ኦክሳሊክ አሲድ በቆስጣ ውስጥ አለ፤ ቫሮዋን የሚገድለው ቲሞልም በጦስኝ ዘይት ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ ኒኮቲንም ከትምባሆ ቅጠል ነው፤ ከቅጠል መምጣቱ ልኩን አይነግረንም። “ቀፎው የራሴ ነው” ለሚለው፣ የደከመ ቀፎን የጎረቤት ንቦች ሊዘርፉት ገብተው ቫሮዋውን ይዘው ይመለሳሉ፤ መድኃኒት የለመደው ተባይ በአጥር አይታገድም። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ “ሕጉ ቀርፋፋ ነው” የሚለው ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ኦክሳሊክ አሲድ በአውሮፓና በካናዳ ሲሠራበት የአሜሪካ ንብ አናቢ ዓመታት ጠብቋል። ገበያው ትንሽ በመሆኑ ለምዝገባ የሚደክም ኩባንያ ስላልተገኘ ግብርና ሚኒስቴሩ ራሱ ማመልከት ነበረበት። ሆኖም ሕጉ ማስረጃ ሲቀርብለት ተንቀሳቅሷል፤ ማር ባለበት ቀፎ ላይ ኦክሳሊክ አሲድ መጠቀም ተከልክሎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ተፈቅዷል። ካሊፎርኒያዊው ንብ አናቢና የሥነ ሕይወት ባለሙያ ራንዲ ኦሊቨር ኦክሳሊክ አሲድን ከግሊሰሪን ጋር ደባልቆ በቀስታ እንዲለቀቅ የማድረጉን ዘዴ ለዓመታት በፈቃድ ሞክሯል፤ ከሕክምና በፊትና በኋላ የቆጠረውንም ለሕዝብ አሳትሟል። ዛሬ በዚያው መንገድ የሚሠራ የተመዘገበ መድኃኒት ገበያ ላይ አለ። ሕጉን ያፋጠነው በድብቅ የተቀመመው ብልቃጥ አይደለም፤ የተቆጠረው ቫሮዋ ነው።

ስለዚህ መንግሥታት ምዝገባውን ሊያረክሱትና ሊያፋጥኑት ይገባል፤ ጥቂት ቀፎ ያለው ሰው በዋጋ ምክንያት ወደ እንጨት ማንጫው እንዳይገፋ። ንብ አናቢውም ከዛሬ ጀምሮ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚሠራው አለ። ከሕክምና በፊት ይቁጠር፣ የተጻፈውን ልክ በሚዛን ይስፈር፣ የሰጠበትን ቀን ይመዝግብ፣ መድኃኒቱን ያፈራርቅ፣ በኋላም ተመልሶ ይቁጠር። ይህን የሚያደርግ ሰው ሕጉ ቢሳሳት እንኳ ስህተቱን በቁጥር ማሳየት ይችላል፤ ሕጉ የሚስተካከለውም በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ይህን የማያደርግ ግን ውዱን የተመዘገበ መድኃኒት ቢገዛ እንኳ ከላይ ያሉትን አምስት ደንቦች እየፈጸመ ነው።