3ን ማን ሹክ አለህ?

ፊዚክስ ላብ ውስጥ ለክቶ ዝም የሚል ሰው የለም። አንዱ እርሳሱን በማስመሪያ ለካና «7.283 ሴንቲሜትር» ብሎ ጻፈ።

«7.2ን መስመሩ ነገረህ። 8ን በዓይንህ ገመትክ፣ ይሁን። 3ን ግን ማን ሹክ አለህ?»

ማስመሪያ የተሰመረው እስከ ሚሊሜትር ነው። በሁለት መስመር መሃል ያለው ግምት ነው፤ ከግምቱ ያለፈው የባለቤቱ ድርሰት። ድርሰቱ የሚረዝመው ደግሞ ካልኩሌተር ሲወጣ ነው።

«የክቡን ስፋት አገኘሁት! 1.130973355 ካሬ ሴንቲሜትር።»

«ዲያሜትሩ ስንት ነበር?»

«በማስመሪያ 1.2።»

«ሁለት አሃዝ አበድረህ አሥር አስመለስክ? አራጣ አበዳሪ እንኳ እንዲህ አይጨክንም! 1.1 ብለህ ጻፍና እግዜርን ፍራ።»

ካሊፐር የያዘችው ልጅ ይህን ሁሉ ቁልቁል ታያለች። መብቷ ነው። ፒየር ቬርኒየር እ.ኤ.አ. በ1631 ያሳተመው ዘዴ እስካሁን ያስገርማል፦ በተለመደው ካሊፐር ላይ 9 ሚሊሜትር ለ10 ይከፈላል፣ እያንዳንዷ ክፍል ከሚሊሜትር በ0.1 ታንሳለች፣ ስንተኛዋ መስመር ከላይኛው ጋር እንደገጠመች ቆጥሮ 0.1 ሚሊሜትር ማንበብ ነው። ግን፦

«ካሊፐርሽ አፏን ዘግታም 0.3 ሚሊሜትር ታወራለች።»

«አሥር ጊዜ ለክቼ አማካይ አወጣለኋ!»

«አሥር ጊዜ ያንኑ ውሸት ትደግምልሻለች። ይልቅ ካወራችው ላይ 0.3 ቀንሺ።»

ዲጂታል የገዛውም አይኩራ። ስክሪኑ 0.01 ሚሊሜትር ያሳየዋል፤ የብዙዎቹ መመሪያ ግን ±0.02 ይላል። የመጨረሻዋ አሃዝ ለጌጥ ናት ማለት ነው።

ማይክሮሜትር 0.01ን በሐቅ ያነባል፤ አንድ ዙር 0.5 ሚሊሜትር፣ ዙሩ ደግሞ 50 ክፍል። ታዲያ አንዱ ጉልበተኛ ጫፉ ላይ ያለችውን ጠቅ ጠቅ የምትል ማጥበቂያ ትቶ ዋናውን በመዳፉ ጠመዘዘውና «ሽቦውን ለካሁት» አለ።

«ጨመቅከው እንጂ መች ለካኸው!»

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ስቶፕዎች ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ኳስ በ0.45 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳል። ዓይን አይቶ ጣት እስኪጫን 0.2 ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ልጁ ግን ደረቱን ነፍቶ «0.61» ይላል።

«ስለ ኳሱ ጠየቅንህ፣ ስለ ጣትህ ነገርከን።»

ብልሃቱን የሚያውቅ ፔንዱለሙን 20 ጊዜ አወዛውዞ ጠቅላላውን ሰዓት ለ20 ያካፍላል፤ የጣቱ ስሕተትም አብሮ ለ20 ይካፈላል። በዚሁ ብልሃት ማስመሪያ የያዘው ልጅ ብድሩን መለሰ። 500 ወረቀት ደርቦ ለካ፣ 51 ሚሊሜትር። ለ500 ሲያካፍል 0.102።

«በ1 ሚሊሜትር እንኳ ብሳሳት ለአንድ ወረቀት የሚደርሰው 0.002 ነው። ያንተ ማይክሮሜትር 0.01 ላይ ቆሟል። አሁን ማን ነው የሚኮራው?»

«ጎበዝ! በል አሁን ከመሃል አንዷን ልምዘዝልህና የእሷን ውፍረት ንገረኝ።»