ክፍያው ዜሮ ነው፣ ተመስገን

በዚህ ዓለም ላይ ሥራውን ሠርቶ፣ ድርሻውን ወስዶ፣ ስሙን ሳያስጠራ የሚሄድ ስንት አለ? ባለሥልጣን ድልድይ ሲመርቅ ሪባን ይቆርጣል። ባለጸጋ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ ሲሰጥ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ከባሕር ማዶ ወደ አገር ቤት በሚላክ ገንዘብ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረው ድብቅ ክፍያ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። ከዶላሩም፣ ከድርሃሙም፣ ከሪያሉም ቆንጠር አድርጎ ይወስዳል፤ ስሜን ደረሰኝ ላይ ጻፉልኝ አይልም። ትሕትና ማለት እንዲህ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ተነሥቶ አለማመስገኑ የእኛን ውለታ ቢስነት ነው የሚያሳየው። ዛሬ እኔ ዕዳችንን ልክፈል፤ መክፈል ለምደናል።

ለማያውቁት አሠራሩን ላስረዳ። የገንዘብ መላኪያው መተግበሪያ ሲከፈት በጉልህ፣ በአረንጓዴ ቀለም «ክፍያ፦ 0» ይላል። ከሥሩ፣ ዐይን እንዳያደክም ታስቦ በቀጭን ግራጫ ፊደል የምንዛሬው ዋጋ ተቀምጧል። ላኪው አረንጓዴውን ያነባል፣ ደስ ይለዋል፣ ይጫናል። ለስሌት እንዲመቸን ዶላሩ በአዲስ አበባ ባንኮች 150 ብር ነው እንበል፤ ድርጅቱ ደግሞ በ144 ያሰላዋል። 200 ዶላር የላከ ሰው ቤተሰቡ እጅ 30,000 ብር ይገባል ሲል 28,800 ይገባል። ጎደለ የተባለው 1,200 ብር ወደ ዶላር ሲመለስ ስምንት ዶላር ነው፤ ከመቶ አራት። ይህ ታዲያ ክፍያ አይደለም። ክፍያማ ዜሮ ነው፣ በአረንጓዴ ተጽፏል። ምንዛሬው ረጅም መንገድ ተጉዞ ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ።

በግልጽ የሚያስከፍሉም አሉ። ሦስት ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም ብለው ፊት ለፊት ይጽፋሉ። ይህችን እኔ በጣም ነው የማደንቃት። ላኪው ሦስቷን ዶላር ሲያይ «ይኸው፣ ከፈልኩ» ብሎ ልቡ ያርፋል፤ ልቡ ያረፈ ሰው ደግሞ ሌላ ክፍያ አይፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚልክ የሚሰጠው የተሻለ ምንዛሬም የዚሁ ቸርነት አካል ነው። አዲሱ ደንበኛ በጥሩ ዋጋ አንድ ጊዜ ይልካል፣ ለጓደኞቹ «እገሌ የሚባለውን ሞክሩት» ብሎ ይመሰክራል፣ በሁለተኛው ጊዜ ዋጋው ዝቅ ሲል ቀድሞ መስክሯልና ቃሉን አያጥፍም።

የእኛን ሰው ጠባይ ለሚያውቅ እዚህ ላይ የሚደነቅ ነገር አለ። መርካቶ ገብቶ ከጋቢ ዋጋ ላይ መቶ ብር ለማስቀነስ «ተው እንጂ፣ ገበያህን እኔ ላሙቅልህ» እያለ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ የሚመለስ ሕዝብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ እንጀራ በአንድ ዶላር ረከሰ ሲባል ፖቶማክን ተሻግሮ እስከ አሌክሳንድሪያ የሚነዳ ሕዝብ ነው፤ ቤንዚኑን አያሰላም፣ ነገሩ የክብር ጉዳይ ነውና። ያው ሰው ስልኩ ላይ 144 የሚል ቁጥር ሲያይ ድምፁ ይጠፋል። «ምነው? ሌላው ጋ 149 አይደል እንዴ?» አይልም። ለእናት በሚላክ ገንዘብ ላይ ዋጋ መከራከር ነውር ነዋ! ምን ይሉኛል? ማን እንደሚለው ባይታወቅም፣ ብቻውን መኝታ ቤቱ ውስጥ ስልክ ይዞ ይሉኝታ ይይዘዋል። ድርጅቶቹ ይህን ጨዋነታችንን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ማስታወቂያቸው ላይ ሁልጊዜ ነጠላ የለበሰች፣ ፈገግ ያለች እናት አለች። ካልኩሌተር የያዘች እናት ግን አይቼ አላውቅም።

ለቤተሰብ ፍቅር የሚያደርገውን አስተዋጽኦ ስናይ ደግሞ ምስጋናው እጥፍ ይሆናል። ልጅቱ ቨርጂኒያ፣ እናት ደሴ ናቸው እንበል። ልጅ «ሠላሳ ሺህ ገደማ ይሆናል» ብላ ልካለች። ታናሽ ወንድሟ ባንክ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ሰጥቶ፣ ብሩን ተቀብሎ አምጥቷል። እናት ቆጥረው መቀነታቸው ላይ ቋጥረዋል። ማታ ስልክ ይደወላል።

«እማዬ፣ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ኧረ ብዙ ነው።»

«ስንት ሰጠሽ?»

«ያው… ሃያ ስምንት ሺህ ምናምን ነው። በቃኝ እኮ፣ አትጨነቂ።»

ከወዲያ ዝም ይባላል። «እማዬ፣ ሠላሳ ሺህ ነው እኮ መድረስ ያለበት።»

«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ልጅ ነው» ይላሉ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ለታክሲም፣ ለምኑም ያስፈልገዋል። ተይው፣ አትናገሪው።»

ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሳይከሰስ ተፈርዶበት፣ ሳይፈረድበት ምሕረት ተደርጎለታል። የባንኩን ወረቀት አውጥቶ ቢያሳይ ምን ዋጋ አለው፤ ወረቀት አውጥቶ የሚያሳይ ሰው ይበልጥ ያስጠረጥራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኅቱ በየሳምንቱ ትደውልለታለች፣ ስለ ታማኝነት ትመክረዋለች፣ አባታቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ታስታውሰዋለች። ቀድሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ነበር የሚነጋገሩት። ድብቁ ክፍያ ባይኖር ይህ ሁሉ የእኅትና የወንድም ቅርርብ ከየት ይመጣ ነበር? ስምንት ዶላር እንኳን አይበዛበትም።

በባንክ የሚልክ ደግሞ ሌላ በረከት አለው። የዓለም ባንክ ሲያወዳድር ገንዘብ ከሚያሻግሩት ሁሉ ውዶቹ ባንኮች ሆነው ነው የሚገኙት። ገንዘቡ ከአንዱ ባንክ ወጥቶ በቀጥታ አዲስ አበባ ላይገባ ይችላል፤ መሃል ላይ ተቀብለው የሚያሻግሩት ሌሎች ባንኮች አሉ። ቅጹ ላይ የመንገዱን ወጪ ላኪው ይሸፍን፣ ተቀባዩ ይሸፍን፣ ወይስ ሁለቱ ይካፈሉ የሚል ጥያቄ ተቀምጧል። የእኛ ሰው «ይካፈሉ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ መካፈል ባህላችን ነው። ከዚያ በኋላ በመንገድ ያሉት ባንኮች ተራ በተራ አንዳንድ ይጎርሳሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል የሚለውን ወጋችንን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም።

ለድሃ ያለው አስተያየትም ሳይነሣ አይታለፍ። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በዕረፍት ቀኗ ተሰልፋ ሃምሳ ዶላር የሚያህል ትልካለች። ክፍያው አምስት ዶላር ቢሆን ከመቶ አሥር ነው። አምስት መቶ የሚልከው ባለ ደህና ደመወዝ ያንኑ አምስት ዶላር ሲከፍል ከመቶ አንድ ብቻ ይደርስበታል። ልጅቱ ለወንበሩም፣ ለመስኮቱም፣ ለፀሐፊውም ፈገግታ ከእሱ አሥር እጥፍ ታዋጣለች። ትንሽ ያለው ብዙ እንዲሰጥ መደረጉ መንፈሳዊ ትምህርትም አለው፤ ድርጅቶቹ ይህን አስበው ነው ባልልም፣ ውጤቱ ግን እንደታሰበ ነው።

ይህን ባለውለታ ለማጥፋት የተነሡ ጠላቶች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2009 የቡድን 8 አገሮች መሪዎች ጣሊያን፣ ላኲላ ላይ ተሰብስበው የመላኪያውን ወጪ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ10 በመቶ ወደ 5 በመቶ እናወርዳለን አሉ። አምስት ዓመቱ አለፈ፣ 5 ላይ አልደረሰም። በ2015 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት በ2030 ከ3 በመቶ በታች ይሁን ብሎ ግብ አስቀመጠ፤ አምስቱ ባልተሳካበት ሦስትን መመኘት የዲፕሎማሲ ወግ ነው። በዓለም ባንክ መለኪያ 200 ዶላር ለመላክ የሚወጣው አማካይ ወጪ ዛሬም ከ6 በመቶ በላይ ነው። ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ ሲሆን 8 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ከዓለም አንደኛ ነን። አንደኛ የምንወጣበት ነገር በየቀኑ አይገኝም። የዓለም ኃያላን ተባብረው ያልጣሉትን ክፍያ እኔና እናንተ መናቃችን ምን ይባላል?

ዕድሜውንም ማክበር ይገባል። ዌስተርን ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1851 የተቋቋመ የቴሌግራም ድርጅት ነበር። ገንዘብ ማስተላለፍ የጀመረው በ1871 ነው፤ እኛ ዘንድ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በ2006 ቴሌግራሙን ዘጋው። ገንዘቡን ግን አልዘጋውም። የሰው ወሬ ያረጃል፣ የሰው ናፍቆት አያረጅም፤ የትኛው እንደሚያዋጣ ያውቃሉ።

በእኛ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ሲለቅ ድብቁ ክፍያ አዲስ ዘመን ገባለት። ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ይመነዝራል፣ ጥቁር ገበያው ሁለት እጥፍ ያህል ይሰጣል፣ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃል፣ ይናደዳል፣ ይመርጣል። ዛሬ ምንዛሬው በየባንኩ፣ በየቀኑ ይለያያል። ሠላሳ ቁጥር ባለበት አገር ውስጥ 144 የሚል ቁጥር ሲመጣ እንግዳ አይመስልም፣ ተጠግቶ ይቀመጣል። ግራ መጋባት ለሌላው ሰው ችግር ነው፣ ለድብቁ ክፍያ ግን ቤቱ ነው።

ድብቅ ባይሆን ምን ይደርስበት እንደነበረ ደግሞ በዐይናችን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ምክር ቤት ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ ግብር ልጣል ሲል መጀመሪያ 5 በመቶ ተባለ፣ ከዚያ ሦስት ተኩል፣ መጨረሻ ላይ 1 በመቶ ሆኖ ጸደቀ። ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ የሚሠራ ሲሆን የሚመለከተውም ጥሬ ገንዘብና የመሳሰለውን ይዞ የሚልከውን ነው፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም በዴቢት ካርድ የሚልከውን አይነካም። ያኔ በየቡና ቤቱ የነበረውን ቁጣ አስታውሱ። «ላባችንን!» ያላለ አልነበረም። አንድ በመቶ ናት፤ ጥፋቷ መታየቷ ነው። ያንን ቁጣ ሲቆጣ ያመሸው ሰው ቡናውን ጨርሶ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ አራት በመቶውን በጸጥታ ከፍሎ፣ «ክፍያ የለውም፣ ይኼኛው ጥሩ ነው» ብሎ ለጎረቤቱ አሳየ። መንግሥታት ግብር አሰባሰብ ከዚህ ቢማሩ አመፅ የሚባል ነገር በታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

አንዳንድ ነገረኞች «ልዩነቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ክፍያውን ተዉት፣ ወዲያ ጫፍ የሚደርሰውን ብር ብቻ ጠይቁ፣ በሦስት ድርጅት አወዳድሩ» ይላሉ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል ነው የሚሉት። እነዚህን አትስሟቸው። ሁለት ደቂቃ ተቆጥቦ ነው ዕድሜ የሚጠራቀመው። ደግሞስ ሰው 1,200 ብር በየወሩ ቢተርፈው በዓመት 14,400 ብር ይሆናል፤ ያን ያህል ብር ደሴ ያለች እናት ምን ልታደርግበት ነው?

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሕግ አውጪዎቹ ናቸው። በአሜሪካ ከጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ገንዘብ አስተላላፊው ከመክፈላችሁ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሬውንና ተቀባዩ እጅ የሚገባውን መጠን ጽፎ እንዲያሳያችሁ ያስገድዳል። የገበያው ምንዛሬ ስንት እንደነበረ ግን እንዲነግራችሁ አያስገድደውም፤ ሕጉም ቢሆን ይሉኝታ አለው። ይኸው ደንብ ሌላም ክፉ ነገር ይዟል። ተቀባዩ ገንዘቡን ገና ካልወሰደው ወይም ሒሳቡ ውስጥ ካልገባ፣ ከከፈላችሁ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሰርዛችሁ ክፍያውን ጨምሮ ሁሉንም ማስመለስ ትችላላችሁ። ይህን ለማንም እንዳትናገሩ አደራ፤ በተለይ ለላኪ።