«ፕሮሰሰሩን ብቻ»፦ በአንዲት ቃል ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

«ብቻ» የምትባለው የአማርኛ ቃል ሁለት ጠባይ አላት። ከስም በኋላ ስትመጣ ትገድባለች፤ «ሽሮ ብቻ»፣ «ሁለት ቀን ብቻ» እንደሚባለው። ዐረፍተ ነገር ስትጀምር ግን ተስፋ ትቆርጣለች፤ «ብቻ ተወው»፣ «ብቻ እሱ ያውቃል» እንደሚባለው። ቃሏ ከፊተኛው ጠባይ ወደ ኋለኛው ለመሸጋገር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባት የለካ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ለክቻለሁ፤ አሥራ አንድ ቀን ነው። የጥናቱ ናሙና አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ባልና አንዲት ሚስት ሲሆን፣ ናሙናው አነሰ የሚል ሐያሲ ቤቴ መጥቶ ሁለተኛ ኮምፒውተር ይግዛልኝ።

ለጥናቱ የቀረበው ዴስክቶፕ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ዕቃው ከየቦታው ተለቅሞ በገዛ እጄ የተገጣጠመ ነው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 3 1200፣ አራት ኮር ያለው፣ መነሻ ፍጥነቱ 3.1 ጊጋኸርዝ፣ በዘመኑ ኪሱ ላልደነደነ ሰው አለኝታ የነበረ ነው። ማዘርቦርዱ ኤ320 ነው፤ ከርካሾቹም ርካሹ። ኬዙ የግራ ጎን ክዳን የለውም። ክዳኑ «ለጊዜው» የተነሣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ «ለጊዜው» ስለምትባለው ቃል ግን ሌላ ጥናት ያስፈልጋል።

ማሽኑ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይንቀራፈፍ ጀምሮ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኔን ፕሮሰሰር ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም፤ ዝርዝሩ ከራይዘን ሠፈር በደንብ የሚጀምረው ከሁለተኛው ትውልድ ነው። ያን ዕለት ማታ፣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ፣ የጥናታችን ዋና ዐረፍተ ነገር ተነገረ፤ «ፕሮሰሰሩን ብቻ እቀይረዋለሁ።»

የዚህን ቃል ምሥጢር ለማግኘት እንደ ትርጓሜ ቤት ልማድ አንድም እያሉ መሄድ ይሻላል። ፕሮሰሰሩን ብቻ ማለቱ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ደኅና ነው ሲል ነው። አንድም፣ ገንዘቡ ለዚያ ብቻ ስለሚበቃ ነው። አንድም፣ ሌላውን ሲቀይር እንዳይታወቅበት ነው። አንድም፣ «ፕሮሰሰሩን» ያለው ለሚስቱ ነው፣ «ብቻ» ያለው ለራሱ ነው። ሚስትም ሦስተኛውን አንድምታ ይዛ «ያኔም ፋኑን ብቻ ብለህ ነበር» አለች። ይህ ሐተታ ይባላል።

የተመረጠው ተተኪ ራይዘን 5 5600 ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ስድስት ኮር ያለው። እዚህ ላይ ኤኤምዲን ማመስገን ተገቢ ነው፤ ኤኤም4 የተባለውን መሰኪያ ይዞ ዓመታት ስለቆየ፣ የአምስት ዓመት ታላቅ በሆነ ማዘርቦርድ ላይ አዲስ ፕሮሰሰር መሰካት ተችሏል። ዕቃው የመጣው ከቨርጂኒያ ነው፤ ትኬቱን ቀድሞ በቆረጠው የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በመልቲቫይታሚንና በፀጉር ቅባት መካከል፣ ካልሲ ለብሶ። በስምንተኛው ቀን ቤት ገባ።

ችግሩ አሮጌ ማዘርቦርድ አዲስ እንግዳ ሲመጣ ማንነቱን አለማወቁ ነው። ስለዚህ አሮጌው ፕሮሰሰር ገና በቦታው ሳለ ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ መታደስ አለበት። ሟች የአልጋ ወራሹን ስም በገዛ እጁ ይጽፋል እንደማለት ነው። በአንዳንድ ሰሌዳዎች ላይ ባዮሱ የሚቀመጥበት ቺፕ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ አዲሶቹን ለማስገባት ከቀድሞዎቹ የተወሰኑት ከመዝገቡ ይሰረዛሉ። በጽሕፈቱ መካከል መብራት ከሄደ ደግሞ ማዘርቦርዱ ከጣውላ የሚለየው ዋጋው ብቻ ይሆናል።

የእኔ ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ አራት ደቂቃ ይቆያል። እድሳቱ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ይፈጃል። በዚህች ምናምን ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። የእንጀራ ምጣዳችን ተነቀለ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችንም፣ የእሳቸው ምጣድ ሲጣድ የእኛ አምፖል ደብዘዝ ስለሚል፣ «እትዬ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ብቻ» ተብለው ተለመኑ። ሊጥ ቀርቦ ስለነበር ጥቂት አጉረመረሙ። ሰረዙ በስክሪኑ ላይ ሲንፏቀቅ ማንም አላስነጠሰም። አለቀ፤ መብራት የሄደው ከዚያ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ፣ እትዬ ሦስተኛውን እንጀራ አስፍተው ሳለ ነው። ለዚህም እስከ ዛሬ ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ቅኔ ነክ ነው። ፕሮሰሰር ሰምና ወርቅ አለውና። በላዩ ሰሙ አለ፤ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሳልፈው ግራጫ ቅባት። በታቹ ወርቁ አለ፤ በወርቅ የተለበጡ 1331 እግሮች፣ እያንዳንዳቸው ከጤፍ አገዳ የቀጠኑ። ሰሙ ለዓመታት ሲደርቅ ማቀዝቀዣውንና ፕሮሰሰሩን እንደ ሙጫ ያጣብቃል። ማሽኑን አስነሥቶ ማሞቅ፣ ሰሙን ማላላት፣ ከዚያ አጥፍቶና ገመዱን ነቅሎ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ እያሉ ማላቀቅ ነው ወጉ። እኔ አራቱን ብሎን ፈትቼ ወደ ላይ ሳብኩት። የመሰኪያው ማንሻ እንደተቆለፈ፣ ፕሮሰሰሩ ከነእግሩ ተነቅሎ ከማቀዝቀዣው ሥር እንደ መዥገር ተንጠልጥሎ ወጣ።

«ጋሼ፣ ያሙቁት ብዬዎት ነበር» አለ የጎረቤት ልጅ። የሱን ድምፅ ለዓላማችን እንደ ምንጭ አልቆጠርነውም።

አሮጌውን ሸጬ የወጪውን ሩብ እመልሳለሁ ብዬ ለሚስቴ ቃል ገብቼ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል የጠፋው ልገላገለው በወሰንኩት ፕሮሰሰር ላይ ነው። ማዕዘኑ አካባቢ አራት እግሮች ጎብጠዋል። በመስኮቱ ብርሃን፣ እስትንፋስ ይዤ፣ የኤቲኤም ካርዴን በረድፎቹ መካከል እያስገባሁ አቃናኋቸው። ካርዱ በዚያ ሰሞን ሥራ የለውም ነበርና አልከፋውም። ሦስቱ ተቃኑ። አራተኛው ካርዱ ላይ ቀረ።

አዲሱ ያለምንም ግፊት፣ በጫፉ ያለችው የወርቅ ሦስት ማዕዘን ከመሰኪያው ምልክት ጋር ስትገጥም፣ በክብደቱ ብቻ ቁጭ አለ። ይህን ያህል ትሕትና የጠበቅኩት ከሱ አልነበረም። ቅባት ተቀባ፣ ማቀዝቀዣው ተመለሰ፣ አንድ ብሎን ተረፈ። ጎርደን ሙር በ1965 እ.ኤ.አ. በቺፕ ላይ የሚታጨቀው ዕቃ በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ጽፎ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በየሁለት ዓመቱ ብሎ አሻሽሎታል። የእኔ ትርፍ ብሎኖች ግን ማሻሻያ አላስፈለጋቸውም፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ነው።

ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ መልእክት መጣ። አዲስ ፕሮሰሰር ገብቷል፣ ኤፍቲፒኤም የሚባለው የምሥጢር ቁልፍ ማስቀመጫ ተለውጧል፣ እንደ አዲስ ልጀምረው ወይ ይላል። ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፎ የመመለሻ ቁልፉን ያልያዘ ሰው እሺ ካለ ፋይሉን ሊሰናበት ይችላል። እሺ ለማለት የሚነካው ፊደል «ዋይ» ነው። ይህን የመረጠ መሐንዲስ አማርኛ ሳይሰማ አልቀረም። ሚስቴ ከኋላዬ ሆና «ምን በል ነው የሚልህ?» ስትል «ዋይ በል» አልኳት። ዲስኬ አልተቆለፈም ነበርና ዋይ አልኩ።

ዊንዶውስ መነሣት ጀመረ። ነጠብጣቦቹ መዞር ጀመሩ። ዞሩ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ዴስክቶፑ ታየ፤ ብሮውዘር እስኪከፈት ሌላ አንድ ደቂቃ። ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ፕሮሰሰር 4 በመቶ፣ ዲስክ 100 በመቶ ይላል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከረው የ2017ቱ ሃርድ ዲስክ፣ ከሥር እንደ ሽሮ ድስት እየተንተከተከ፣ ፋይል ሲፈልግ ይሰማል። ቀድሞ አራት ኮሮች ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር፤ አሁን ስድስት ናቸው የሚጠብቁት። ይህ ሠንጠረዥ ድሮም ነበረ። ጥናቱ ሳይጀመር እሱን ማየት ግን የተመራማሪን ገለልተኝነት ይጎዳል።

ባለቤቴ ቡና ይዛ መጣች። ስክሪኑን አየች፣ ኬዙን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ የተረፈችውን ብሎን አየች።

«እና፣ ፈጠነ?»

«ብቻ…» አልኳት።

አሥራ አንደኛው ቀን ነበር።