ደውዬ ልግባ፤ ለሟቹ ቴሌ የቀረበ ማመልከቻ

ለቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ቤቴ ነጻ የዳያል አፕ ኢንተርኔት እንዲገባልኝ ስለመጠየቅ

አመልካች በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በማቻከል ወረዳ፣ የአማኑኤል ከተማ ነዋሪ ነኝ። እርስዎ በህዳር 2003 ዓ.ም. ማረፍዎን፣ ወንበርዎንም ኢትዮ ቴሌኮም መውረሱን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም የምጽፍልዎ። በዘመንዎ የቤት ስልክ ለማስገባት የተመዘገበ ሰው ዓመታት ይጠብቅ ስለነበር፣ መሞትዎ በምላሹ ፍጥነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ አይታየኝም።

የምለምነው ብዙ አይደለም። አንድ የመዳብ መስመር፣ አንድ ሞደም፣ የምደውልበት አንድ ቁጥር። በጥር 1989 ዓ.ም. ኢንተርኔትን ለሕዝብ ሲከፍቱ የሰጡትም ይኸንኑ ነበር። ኮምፒውተሩ በስልኩ ይደውላል፤ የወዲህኛው ሞደም ሲጢጥ ይላል፣ የወዲያኛው ያጓራል፣ ሲግባቡ ሁለቱም ጸጥ፤ ገቡ ማለት ነው። መሃል ላይ ከቤተሰቡ አንዱ እጀታውን ካነሳ መስመሩ ይበጠስና እንደ አዲስ ይጀመራል። ያኔ ስልክ ማለት ዳንቴል ለብሶ ሳሎን የሚቀመጥ፣ መደወያው ላይ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት ጌታ ነበር። ቁልፉ በአባወራው ኪስ ያድራል። የት እንደሚያድር ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ፍጥነቱ ቢበዛ በሴኮንድ 56 ኪሎ ቢት እንደሆነ አልጠፋኝም። 5 ሜጋ ባይት የሆነች አንዲት የሠርግ ፎቶ ለማውረድ፣ ሁሉ ነገር ከሠመረ፣ 12 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ችግር የለም፤ ሙሽሮቹ የትም አይሄዱም።

ነጻ ማለቴ የሒሳብ ክፍልዎን እንዳያስደነግጥ አብነት ልጥቀስ። በጥር 1994 ዓ.ም. የግብፅ መንግሥት ወርኃዊ ክፍያ የሌለው የዳያል አፕ አገልግሎት ጀመረ። ተጠቃሚው የሚከፍለው የአካባቢ ስልክ ጥሪ ሒሳብ ብቻ ነበር፤ ከዚያው ሒሳብ 70 በመቶው ለኢንተርኔት አቅራቢው፣ 30 በመቶው ለቴሌኮም ኢጂፕት ይደርስ ነበር። ብልሃቱ ይኸው ነው። ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ እዚያ ድረስ ሲወርድ የአካባቢ ጥሪ ሒሳብ እንኳ አልጠየቅነውም። ይህቺ ብልሃት ብቻ ሽቅብ ብትመጣልን ምን ነበረበት? በነጻ በመደወል በኩል እኛም ሚስኮልን ይዘን ቀርበናል፤ ችግሩ ሚስኮል ፋይል አያወርድም።

እርስዎ ባረፉ በሁለተኛው ወር፣ በጥር 2003 ዓ.ም. የሆነውን ምናልባት አልሰሙ ይሆናል። ካይሮ ላይ ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ መንግሥት ኢንተርኔቱን ለአምስት ቀን ያህል ዘጋው፤ የቤት ስልክ ግን ይሠራ ነበር። ኤፍ ዲ ኤን የተባለ ትንሽ የፈረንሳይ ማኅበር ይሄኔ አንድ የፓሪስ ስልክ ቁጥር ለግብፃውያን በነጻ ከፈተ። የተጠቃሚ ስም «ቶቶ»፣ የይለፍ ቃልም «ቶቶ»። አሮጌ ሞደም ያልጣለ ሰው፣ የውጭ አገር ጥሪውን ሒሳብ ከቻለ፣ ደውሎ ይገባል።

በእኛ በኩል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲመጣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ግብፅ በቀን የቆጠረችውን እኛ በወር ቆጠርነው፤ ለአንዳንድ ከተሞች እንኳ የተመለሰው ከዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቶቶም አልመጣልንም። ስለዚህ የራሳችንን ዳያል አፕ ሠራን። ድምፅ በሚሠራበት ቀን አዲስ አበባ ላለ የአክስት ልጅ ይደወላል፤ የተማሪው ስምና የመለያ ቁጥር ይነገረዋል፤ እሱ ከፍቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባውን ያነብልናል። ይህ ሞደም ቁርስ ይበላል፣ ታክሲ ሲሳፈር ይቋረጣል፣ አንዳንዴም ያልጠየቅነውን የፌስቡክ ወሬ መርቆ ይልካል። ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ የአክስት ልጅ የሌለው ሰው ከመስመር ውጭ ነው።

በዚያው ሰሞን «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባለው ስትራቴጂ በሥራ ላይ ነበር። 2025 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ገና ጊዜ አለ።

መዳብም እንደሚቆረጥ አልዘነጋሁም፤ ሌባ አለ፣ የመንገድ ቁፋሮ አለ። ነገር ግን ሌባ የሠፈር መስመር ቢቆርጥ ነው፤ ክልል አይቆርጥም።

ስለሆነም ለወራሽዎ በሕልም እየታዩ እንዲነግሩልኝ በትሕትና አመለክታለሁ፦ የሞባይሉ ዳታ በሚዘጋበት ጊዜ፣ ቢያንስ በቤት ስልክ ደውለን የምንገባበት፣ ኢሜይልና የፈተና ውጤት የሚያሳልፍ፣ ከአካባቢ ጥሪ በላይ የማያስከፍል አንድ ቁጥር ክፍት ይሁንልን።

ከታላቅ ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአክስቴ ልጅ፣ አዲስ አበባ። ለእስካሁኑ አገልግሎትህ እናመሰግናለን።
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። ለቴሌኮም ድርጅቶች ፈቃድ ሲሰጥ የመዝጊያው ቁልፍ በማን ኪስ እንደሚያድር፣ ሲቆለፍም ለስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን።