ወግ አጥባቂ ላልከኝ፣ በላ ልበልሃ

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ወግ አጥባቂ ነዎት» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ከሁለት እሑድ በፊት ከዕድር ስብሰባ ስንወጣ።

«አዎ፣ አጠብቃለሁ» አልኩት። «በላላ ብሎን ቁልቁለት የጀመረ ሹፌር አይቻለሁ፤ ተመልሶ ሲወጣ ግን አላየሁትም።»

ልጁ ተምሯል፤ አፉም ስለታም ነው። እንዲህ ብዬው ዝም አይልም፤ እኔም ዝም እንዲል አልፈልግም። እናም ሙግቱን ይዘን እቤት ገባን፤ ቡናውም ቀረበ።

ነገሩን ያመጣው አንድ ወረቀት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለዕድራችን ጽፏል፦ በሥራችን ብትታቀፉ ድንኳኑ ይታደሳል፣ ወንበሩ ይጨመራል፤ የገንዘባችሁ ሒሳብ ግን ከእኛ ጋር በጋራ ፊርማ ይንቀሳቀስ ይላል። ልጁ ተነስቶ ደገፈ። እኔ ተነስቼ ተቃወምኩ። ስብሰባው ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

«ድጋፍ ነው እኮ ጋሼ!»

«ግድግዳዬን የሚደግፍ ባላ ከውጭ ይቆማል እንጂ የበሬን ቁልፍ አይጠይቀኝም።»

ዕድርን ማንም መሥሪያ ቤት አላቋቋመውም። ከየአገሩ ወደ ከተማ የገባ ሰው፣ ወገኑ ሩቅ የሆነ፣ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ያቆመው ነው። በየወሩ ይዋጣል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ጡሩምባ ሲነፋ ባለሱቁም፣ ወታደሩም፣ እንጀራ ጋጋሪዋም እኩል ይወጣሉ። መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ቢያጎድል በማግስቱ ዳቦ የሚገዛው ከእኛው ሰፈር ስለሆነ አያጎድልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ እንኳን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኘውን ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ሲያግድ፣ ዕድርንና እቁብን «እናንተን አይመለከትም» ብሎ አልፏቸዋል። ያን ያህል ጠንካራ የነበረ ሕግ የተወውን በር፣ ዛሬ ስለ ወንበር ብለን ራሳችን እንክፈተው?

«እርስዎ ነፃነት ሲሉ የሚታይዎት ቁልፍና በር ብቻ ነው» አለኝ።

«ቁልፍ የሌለው ነፃነት አይቻለሁ፤ ስለዚህ ነው» አልኩት፤ የአባቴንም ቤት ነገርኩት።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ቀን የሰው ቤት ይገነባል፤ ማታና እሑድ ደግሞ ከቤታችን ኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ያቆማል። ድንጋዩን አንድ በአንድ ነው ያመጣው። ያከራያቸውና እኛን ያስተምርባቸዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይበቃል፣ የቀረው ትርፍ ነው ተባለ። ሁለቱ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። ልጅ ነበርኩ፤ ግን «ትርፍ» የሚለው ቃል ያኔ ገብቶኝ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አባቴ ያን ቤት የሠራው ከምሳው ቀንሶ፣ ከጫማው ቀንሶ ነው። በጉድለት የተሠራ ቤት ትርፍ ተባለ።

«ለተከራዩ ግን ኪራይ ተቀነሰለት» አለኝ ልጁ። እውነቱን ነው። ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ፤ ተከራያችንም ደስ አለው፤ ደሃ ነበርና ደስታውን አልነፍገውም። ሁለት ክረምት አለፈና ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ድሮ ቢሆን ለአባቴ ይነግረዋል፣ አባቴም የዚያኑ ዕለት ማታ መሰላሉን ይዞ ይወጣል። አሁን ማመልከቻ ጻፈ። መልስ ጠበቀ። ጣሪያው ላይ ላስቲክ አለበሰና ድንጋይ ጫነበት። አባቴ በመስኮት እያየ ይቆማል፤ መሰላሉ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የሌላ ንብረት ነክተሃል እንዳይባል ይፈራል። ቆርቆሮው የሁሉም ሲሆን ሚስማሩን የሚመታ ሰው ጠፋ። የተከራዩ ሚስትና እናቴ ግን እስከ መጨረሻው ቡና ተጠራርተዋል። በአዋጅ ያልተወረሰ ይህ ብቻ ነበር፤ ያቆየውም ወግ ነው።

ልጁ ሲኒውን አስቀመጠ። «እሺ፣ የአባትዎ ቤት አሳዝኖኛል። አያትዎስ? አርሲ ውስጥ ጭሰኛ አልነበሩም? ለባለመሬት እየሰፈሩ አልኖሩም? ያን ወግ ማን ያጥብቀው?»

ይህ መታኝ። አያቴ በእርግጥ ጭሰኛ ነበር። ከአውድማው ላይ ድርሻው ተለክቶ ሲወሰድ ቆሞ ያይ ነበር፤ ባለመሬቱ ሲመጣ በግ ያርድ ነበር፤ በማንኛውም ዓመት «ልቀቅ» ሊባል ይችላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲነገር አዲስ አበባ በሰው ተጥለቀለቀች፤ አያቴም ከዚያ በኋላ ለማንም ባለመሬት ሰፍሮ አላወጣም። ይህን ላደረገ አዋጅ ክፉ ቃል አልናገርም። የአያቴ ወገብ የተቃናበትን ቀን የሚረግም የልጅ ልጅ አልሆንም።

ግን ልጠይቅህ አልኩት። መፈክሩ «መሬት ለአራሹ» ነበር። ለአራሹ ከሆነ፣ አራሹ ለምን መሸጥ ተከለከለ? ለምን ማከራየት ተከለከለ? ለምን አስይዞ መበደር ተከለከለ? ያው አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደና ሦስቱንም ከለከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣ፣ መንግሥትም ሥርዓትም ተለወጠ፤ አንቀጽ 40 ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ከብዙ ባለመሬት ተላቅቀን አንድ ባለመሬት ሥር ገባን። የበፊቱን ባለመሬት አያቴ በመልኩ ያውቀዋል፤ ይረግመዋል፣ ይለምነዋል፣ ሲሞትም ለቅሶ ይደርሰዋል። የአሁኑ ግን መልክ የለውም፤ ማኅተም ብቻ ነው።

«በጎጃምና በጎንደር የነበረው ርስትስ? እሱም ከዘመድ ውጭ አይሸጥም ነበር» አለኝ። ጥሩ አድርጎ አንብቧል።

«አዎ፣ ያኔ አትሽጥ የሚልህ አጎትህ ነው። ሽማግሌ ልከህ ታስለምነዋለህ፣ እሱም ያለህበትን ችግር አይቶ ይራራል። አንቀጽን በየትኛው ሽማግሌ ታስለምናለህ?»

ከ1990ዎቹ ወዲህ ገበሬው የይዞታ ደብተር ሲሰጠው ግን ደስ ብሎኛል። በላስቲክ ጠቅልለው ከሣጥን ግርጌ ከጥሎሽ ልብስ ጋር የሚያኖሩ ሰዎች አይቻለሁ። ስሙ ያለበትን ወረቀት የያዘ ሰው እርከን ይሠራል፣ ዛፍ ይተክላል፤ ነገ የእኔ ነው ብሎ ያምናልና። እኔ የምለው ይህንኑ ነው፤ ወረቀቷን እስከ መጨረሻው እመኑለት ነው።

ሁለተኛው ሲኒ ሲቀዳ የእናቱን ሠርግ አነሳሁበት። ያን ጊዜ እህል ያለ ፈቃድ ከቦታ ቦታ አይሄድም። ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ኮታውን ያስረክባል፤ አርሲ ውስጥ ደግሞ የግል ነጋዴው ጭራሽ ታግዶ ነበር። አጎቴ ለእህቱ ልጅ ሠርግ፣ ለድፎ ዳቦ፣ ከገዛ ጎተራው አንድ ኩንታል ስንዴ ጭኖ ተነሳ። ኬላ ላይ አስወረዱት። እኛ ቤት የደረሰው ጆንያውን አጥፎ በብብቱ ይዞ ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ሴቶቹ ምጣድ አስምተው ይጠብቃሉ፣ እሱ ባዶ ጆንያ ይዞ በር ላይ ቆመ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። በገዛ ስንዴው ይቅርታ ጠየቀ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ንግድ ሲለቀቅ በዚያው ዓመት ስንዴ ይዞ መጣ፤ ልጁ ተወልዶ ነበርና ለክርስትናው ሆነ።

ልጁ ይህን ታሪክ አያውቀውም ነበር። ትንሽ ቆየና፣ «ታዲያ ምን ይደረግ ይላሉ? ንጉሥ ይመለስ?» አለኝ።

«ንጉሡን አላልኩም፤ ሰው ሲሰማው የሚቆምለትን ቃል ነው።»

በዱሮው ሥርዓት የተበደለ ሰው በዳዩን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ቢለው ይቆማል። ፖሊስ የለም። ነጠላቸውን ቋጥረው፣ አንዱ የሌላው ቁራኛ ሆኖ፣ አንድ ላይ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ መንገደኛም ቢሆን ዳኘን ካሉት ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ከዚያ «በላ ልበልሃ» ነው፤ ድሃው በነገር ከበለጠ ሀብታሙን ይረታል። ይህ ሕዝብ ሕግ የሚያከብረው በዱላ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ እወዳለሁ። ሕጉ ከላይ ተጽፎ ከመምጣቱ በፊት እግራችን ላይ ነበር፤ ቃሉን ሲሰማ እግር ይቆም ነበር።

«‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ› ያለውም እኮ ያው ሕዝብ ነው። እሱም ወግ ነው፤ ያጥብቁት እንግዲህ!»

«አላጠብቀውም» አልኩት። «ዘር የሚያጠራ ገበሬ እንክርዳዱን ለቅሞ ይጥላል፤ እንክርዳድ አገኘሁ ብሎ ግን ጎተራውን አያቃጥልም። የእናንተ ችግር፣ ጎተራ ደጋግሞ ሲቃጠል በታሪክ አንብባችሁ አሁንም ክብሪት ፍለጋ መሄዳችሁ ነው።»

«የእናንተስ ችግር፣ እንክርዳዱን ስትለቅሙ አለማየታችን ነው» አለኝ።

እውነት አለው። እኔ የአባቴን ቤት ስቆጥር የአያቴን አውድማ ሳልቆጥር የኖርኩበት ዘመን አለ። ዛሬ ግን ሁለቱ አንድ በደል እንደሆኑ ይታየኛል፤ አያቴም አባቴም ላባቸውን ያፈሰሱበትን ነገር «የእኔ ነው» እንዳይሉ ተደርገዋል። አንዱን በባለመሬቱ፣ አንዱን በአዋጁ። ለአንዱ ብቻ የሚያለቅስ ሰው፣ ግራም ሆነ ቀኝ፣ እንባው ግማሽ ነው።

በረካውን ጠጥተን ተነሳን። ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ሄደ፤ ምን እንዳሰበ አልነገረኝም።

ባለፈው እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሰው በትህትና ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ አስረዳ። አንዳንዱ አጨበጨበ፤ ድንኳናችን በእርግጥም ተቀዷል። ልጁ እጁን አወጣ። ሊደግፍ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «ሰው ቅዳሜ ሌሊት ቢሞትብን፣ ለመገነዣና ለሣጥን ገንዘብ ስናወጣ፣ ሁለተኛውን ፊርማ እሑድ ጠዋት ከየት እናገኛለን?»

ሰውየው ወረቀቱን ገለበጠ። ጀርባውንም አየው። ከኋላ የተቀመጡት እማማ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙት፣ ቋጠሮውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀና፣ «ልጄ፣ ድንኳኑን ለማሰፋት በነፍስ ወከፍ ስንት ይደርሰናል? እስቲ አስላው» አለው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ።