ሾፌሩን ፈርቶ ታርጋውን

የጥንት የጥያ ሰዎች ሞኞች ነበሩ። በሶዶ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸውን 36 ትክል ድንጋዮች ያየ ይመስክር። 32ቱ ቅርጽ አላቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተደርድሯል። ሊቃውንት ትርጉሙን ገና ይከራከሩበታል፤ አስጎብኚዎች ግን የሰይፉ ብዛት ጦረኛው የጣላቸው ሰዎች ቁጥር ነው ይላሉ። እንዲያ ከሆነ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! እንዴት የሰው ሪከርድ ዝናብ እንኳ በማያጥበው ድንጋይ ላይ ይቀረጻል?

እኛ ሠልጥነናል። በዚያው አስፋልት አባዱላውን የሚያበረውን ጀግና ስለ ሪከርዱ የሚያስቸግረው የለም። እርግጥ የትራፊክ ደንቡ ጥፋቱን በነጥብ ይመዘግባል፤ ነጥቡ ሲጠራቀምም መንጃ ፈቃዱን ያግዳል። ይህ ግን በእሱና በትራፊኩ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ኢንሹራንስ ጨዋ ነው፤ በሰው ገመና አይገባም።

ጨዋነቱን ለማየት የሦስተኛ ወገን መድን ታሪፍ ይበቃል። መኪናው ምን ዓይነት ነው? ስንት ሰው ወይስ ስንት ኩንታል ይጭናል? ለንግድ ነው ለቤት? እዚህ ላይ ያበቃል። መሪውን የጨበጠው ማን ነው፣ ስንት ጊዜ ጠጥቶ ተይዟል፣ ኩርባ ላይ መቅደም ይወዳል ወይ የሚለውን ታሪፉ አንገቱን ደፍቶ ያልፈዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይህ ነው። 20 ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳ ያልገጨ አባወራና መንጃ ፈቃዱ ታግዶ የተመለሰለት ጎረምሳ በታሪፉ ፊት እኩል ናቸው። ሰው ሁሉ እኩል ነው ሲባል የት እንደሚገኝ ግራ ለገባችሁ፣ እዚህ አለላችሁ።

ሙሉ መድን ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ባለንብረቱ ዓመቱን ያለ አደጋ ከዘለቀ ቅናሽ አለው፤ መኪናው ከተጋጨ ቅናሹ ይቀራል። ያጋጨው ሾፌር ጃኬቱን ከወንበሩ አንስቶ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ ወልቂጤ መናኸሪያ ሌላ ባለንብረት ይፈልጋል። መጥፎ ታሪኩ ከተጨማደደው መኪና ጋር ጋራዥ ያድራል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ያሳዝኑኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ የተፈረደበት ሰው ኢንሹራንሱ ኤፍአር 44 የሚባል ማረጋገጫ ካላቀረበለት መንጃ ፈቃዱ አይመለስለትም፤ ብዙ ግዛቶችም ኤስአር 22 ይጠይቃሉ። ኩባንያው «አደገኛ» ብሎ ይመድበዋል፤ ክፍያው ለዓመታት ይቆለልበታል፤ ጭራሽ አልፈልግህም የሚለውም አለ። ለጥቂት ብርጭቆ! አገሩ ቢሆን ኖሮ ቅጥቅጥ ሙሉ ሕዝብ በአደራ ይሰጠው ነበር።

ሕጋችንም ለሾፌር አዛኝ ነው። አዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የመድኑን ካሳ ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር አድርጎ ነበር። ሰውና ግንብ አጥር ባንዴ ለመጡበት ሾፌር ከዚህ የጠራ መመሪያ የት ይገኛል? ገጭቶ ያመለጠም ቢሆን ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር የመድን ፈንድ አለለት። ፈንዱ ደግሞ ከመድን ድርጅቶች መዋጮ ይሰበስባል፤ መዋጮውም ከአረቦን ነውና፣ ዶሮ ያልገጨው አባወራ ለአምላጩም ይከፍልለታል።

አንዳንድ ነገረኞች የነጥቡ መዝገብ ለመድን ድርጅቱ ይድረስ፣ ጥፋት የደጋገመ ሾፌር ከፍ ያለ አረቦን ይጠየቅበት፣ ባለንብረቱም ሪከርድ ሳያይ ቁልፍ አይስጥ ይላሉ። መዘዙን አላሰቡትም። ሾፌሩ ቀስ ብሎ መንዳት ቢጀምርስ? ባለንብረቱ በፍጥነቱ ሳይሆን በጥንቃቄው ቢቀጥረውስ? የምልልሱ ቁጥር የቀነሰ ቀን ማን ሊጠየቅ ነው?

ሥጋት ዋጋ ይውጣለት ከተባለ የእኔ ሐሳብ ይሻላል፤ አረቦኑን እግረኛው ይክፈል። በገበያ ቀን ቆጮ ተሸክማ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዛ የምትሄደው እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቀው ሕፃን፣ ከጋሪው ጋር የሚታገለው ልጅ፤ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው እነሱ ናቸው። አድራሻቸው ይታወቃል፤ ወደ ሌላ ባለንብረት አይዛወሩም፤ ከተገጩም በኋላ አያመልጡም። ቅናሽ ካማራቸው ደግሞ ዓመቱን ሳይገጩ ይዝለቁ።