በላስቲክ ጣሪያ ሥር የሚጨስን ጭስ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

የአዳማ ነፋስ በከተማዋ ዳርቻ የተተከሉትን፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች አዙሮ ሲያበቃ፣ የተረፈውን ጉልበት ጭስ ከግቢ ግቢ ለማመላለስ የሚያውለው በመሆኑ፤

መብራት በጠፋ ቁጥር እንጀራ ጋጋሪ ወደ ማገዶ የምትመለስ በመሆኑ፤

ማገዶ ካለ ጭስ እንዳለ፣ ጭስ ካለም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዳለ በተግባር የተረጋገጠ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የጭስ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

«ላስቲክ ቤት» ማለት ከአበባ እርሻ በወጣ አሮጌ ላስቲክ የተሸፈነ፣ እናቴ የምትጋግርበት ማዕድ ቤት ነው። «ጭስ ማውጫ» ማለት የላሜራ ቱቦ ነው። «ባለሙያ» ማለት ማዕድ ቤቱን ከበሩ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ነው።

አንቀጽ 3። የተፈጻሚነት ወሰን

ከአዳማ እስከ ባቱ። ሌላው እንደ ነፋሱ።

አንቀጽ 4። ስለ ጭስ ማውጫ ፈቃድ

1) ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ ጭስ ማውጫ መትከል አይችልም።

2) ፈቃድ የሚሰጠው ለሕንፃ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ከፍሏል፤ ላስቲክ ቤት፣ ባለሙያው እንደተረዳው፣ ከሦስቱም ስላልገባ የለም።

3) የሌለ ቤት ጭስ ማውጫ አይተከልለትም። ሆኖም ከሌለው ቤት የሚወጣው ጭስ ያለ በመሆኑ ያስቀጣል።

4) የንዑስ አንቀጽ 3 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሚከተሉት ከቅጣት ነፃ ናቸው፦

ሀ) የአሉቶ ተራራ። የአገሪቱ የመጀመሪያ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ከመሆኑም በላይ ከመሬት ጋር በቋሚነት የተያያዘ ስለሆነ፣ እንደልቡ ይትነን።

ለ) ጽጌረዳ የሸፈነ ላስቲክ። ባቱ ላይ ሳለ ባለፈቃድ ነው፤ አርጅቶ፣ ተጠቅልሎ፣ መኪና ላይ ተጭኖ አዳማ ሲደርስና ከምጣድ በላይ ሲዘረጋ ሕገ ወጥ ይሆናል። ወንጀሉ መቂ ላይ ይፈጸም ቆቃ ላይ ገና አልተጣራም።

ሐ) ጎረቤት ሳይደርስ በጋጋሪዋ ሳንባ ውስጥ የቀረ ጭስ። ለዚህ ፈቃድም ደብዳቤም አያስፈልግም፤ ይህን ያህል ዘመን ጠይቆትም የሚያውቅ የለም።

መ) በፊደል ተራ (ሐ) የተጠቀሰችው ጋጋሪ ሳል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ከሆነ ብቻ።

5) ቱቦ ላስቲክ እየነካ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ላስቲኩ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ የምድጃ ቱቦ ደግሞ የዚያን እጥፍ ሊግል ይችላል። ቱቦውን እንዲሠራልን የጠየቅነው በያጅ ይህን ነግሮናል። ላስቲኩን በሰፊው ቀዶ ላሜራ ሊያስገባበት፣ ቱቦውን በላሜራው መሃል አሳልፎ ከጣሪያው በላይ ሊያወጣው፣ የአዳማ ነፋስ ጭሱን መልሶ እንዳይገፋው ጫፉ ላይ ቆብ ሊሠራለት ተስማምቷል። የሥራው ዋጋ ከቅጣቱ ያንሳል። ባለሙያው ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ እናቴን «ማዘር፣ ቤቱ እኮ የለም» አላት።

የለም? ታዲያ የቅጣቱ ደረሰኝ ላይ አድራሻው የተጻፈው የማን ነው? ስታስል የምታድረው ከየት በገባ ጭስ ነው? ሴትዮዋ የጠየቀችው ፎቅ አይደለም፤ ቱቦ ነው። የሚገዛው በገዛ ገንዘቧ፣ የሚጠቅመውም ከሰሳት ለተባለው ጎረቤት ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ አየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ስንቱ በሌለ ቤት ውስጥ እንደሞተ ግን ለይቶ አልጻፈም።

6) ከዚህ በላይ ያለው ንዑስ አንቀጽ የአዋጅ ቋንቋ ስለጎደለው ከመዝገብ ይሰረዝ።

አንቀጽ 5። ቅጣት

ተከፍሏል።

አንቀጽ 6። የተሻሩ ልማዶች

ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ጭሱን እስቲ አንድ በሉት» ብሎ ነገር የሚጨርስበት ልማድ ተሽሯል።

አንቀጽ 7። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ፣ ባለሙያው እሳቱ እየነደደ ወደ ማዕድ ቤቱ ዘልቆ፣ በሩን ከኋላው ዘግቶ፣ አንድ እንጀራ በስሎ እስኪወጣ ከቆመበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።